ሰልፍ መውጣት መቼ ነው “የውጭ ጣልቃ ገብነት” የሚሆነው?

ውጭ አገር በሚኖር ማኅበረሰብ ውስጥ ከርሞ ይህችን ክስ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። “እሱ እኮ ጆሮ ጠቢ ነው።” “እሷ ተከፋይ ናት።” “ያ ማኅበር የኤምባሲው ነው።” የአገር ቤቱ መንግሥት በበኩሉ ሰልፈኞቹን “የባዕዳን ተላላኪ” ይላቸዋል። የሚኖሩበት አገር መንግሥትም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ “የውጭ ጣልቃ ገብነት” እያለ ሕግ በሕግ ላይ እየደረበ ነው። ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚያወራ ይመስላል። ግን አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው የማን ደጋፊ እንደሆንክ አይደለም። ማን አዘዘህ? ለምን ደበቅኸው? ማንንስ አስፈራራህ? ጥያቄው እሱ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ለሁለት ነገር ይጠቅማል። መብቱን ይዞ አደባባይ የሚወጣ ሰው በከንቱ እንዳይፈራ፣ የእውነት የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ደግሞ እንዳይዘናጋ። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጮህም መወትወትም መብት ነው

ከኢትዮጵያውያን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኤች አር 128 የተባለ፣ በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ይከበር የሚል የውሳኔ ሐሳብ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስልክ ደወሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ የምክር ቤት አባላትን ደጅ ጠኑ። ብዙ ኢትዮጵያውያን መራጮች ያሉበትን የኮሎራዶ ወረዳ ይወክል የነበረው ማይክ ኮፍማን ሐሳቡን ከገፉት አንዱ ሆነ። ፖለቲከኛ ነውና የመራጮቹን ድምፅ ይፈልጋል። ይህ ነውር አይደለም፣ አሠራሩ ነው። የውሳኔ ሐሳቡ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 አለፈ።

የወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2017 መጀመሪያ ላይ ኤስ ጂ አር የተባለ የዋሽንግተን የሎቢ (ባለሥልጣናትን የማግባባት ሥራ) ድርጅት በወር 150 ሺህ ዶላር ቀጠረ። ይህን እንዴት አወቅን? ሚስጥር አሾልኮ ያወጣ ሰው አልነበረም። ድርጅቱ ራሱ ውሉን ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አስገባ፣ ሚኒስቴሩም እንደ አሠራሩ ድረ ገጹ ላይ ለሕዝብ ክፍት አደረገው።

ሁለቱም ወገን ሕግ አልጣሰም። ዜጋው በራሱ ጊዜና በራሱ ኪስ ወተወተ። መንግሥቱ ደግሞ ሰው ቀጥሮ፣ መቅጠሩንም አሳውቆ ወተወተ። ዶላሩ በዝቷል ብሎ መናደድ ይቻላል፤ እኔም ያናድደኛል። ወንጀል ግን አይደለም።

ድርጅቱን እንዲመዘገብ ያስገደደው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ያኔ ዋናው ስጋት የናዚ ጀርመን ፕሮፓጋንዳ ነበር። በጀርመን ገንዘብ የታተመ ጽሑፍ የአሜሪካዊ ሐሳብ መስሎ ሲሰራጭ ጊዜ፣ ምክር ቤቱ “ተናገር፣ ግን ማን እንደላከህ አስታውቅ” የሚል ሕግ አወጣ። ሐሳቡን አልከለከለም። መደበቁን ነው የከለከለው። እያወቀ ሳይመዘገብ የተገኘ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ከዚህ ጠንከር ያለም አለ። ለውጭ መንግሥት ሳያሳውቅ ወኪል ሆኖ የሠራን ሰው እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ሌላ አንቀጽ። ዛሬ ዜና ላይ የምንሰማቸው አብዛኞቹ ክሶች የሚመጡት በዚህኛው ነው።

“ታዲያ የአገር ቤት ፓርቲዬ ሰልፍ ውጡ ሲል ብወጣ ወኪል ልባል ነው?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የ1938ቱ ሕግ የሚናገረው ስለ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በሌላ አካል “ጥያቄ” ስለ መሥራትም ጭምር ነው። በዚህ ላይ የተሟገቱት የአየርላንድ ተወላጆች ናቸው። ኖሬድ የተባለው ድርጅታቸው አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ እያሰባሰበ ወደ ሰሜን አየርላንድ ይልክ ነበር። መንግሥት “የአይ አር ኤ (በሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝን አገዛዝ በመሣሪያ ይዋጋ የነበረው ድርጅት) ወኪል ናችሁና ተመዝገቡ” አላቸው። በ1982 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መንግሥትን ደግፎ ወሰነ። ግን በዚያው ውሳኔ ለቃሉ ልክ አበጀለት። “ጥያቄ” ማለት ከትእዛዝ ያነሰ፣ ለሁሉም ከሚቀርብ ልመና ግን የጠበቀ ነው አለ። ጥያቄው ለተለዩ ሰዎች መቅረቡና የተለየ ሥራ መጠየቁ ይታያል። ቴሌቪዥን ላይ “ወገኖቼ ሰልፍ ውጡ” ያለውን ሰምቶ መውጣት አንድ ነገር ነው። በስም ተጠርቶ፣ ሥራ ተሰጥቶ፣ የሠራኸውን ሪፖርት እያደረግህ መኖር ሌላ ነው።

እንግሊዞች ይህንኑ መስመር በ2023 ባወጡት የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ይበልጥ ግልጽ አድርገው አስምረውታል። አንድ ሰው “የውጭ ጣልቃ ገብነት” ፈጸመ ለመባል የተወሰነ ሐሳብ ማራመዱ አይበቃም። ድርጊቱ ራሱ ወንጀል፣ ማስገደድ ወይም ማሳሳት ያለበት መሆን አለበት። በዚያ ላይ ለውጭ መንግሥት ብሎ እንደሚሠራው የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተገኘ ቅጣቱ እስከ 14 ዓመት ይደርሳል።

ዋናው ስጋት ሌላ ነው

እስካሁን ያወራነው ስለ ተጽዕኖ ነው። ማኅበረሰቡን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሎቢ አይደለም። የሸሹት መንግሥት ተከትሎ መምጣቱ ነው። ባለሙያዎች ድንበር ተሻጋሪ አፈና ይሉታል። ፍሪደም ሐውስ የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት በ2021 ባወጣው ጥናት ከ2014 ጀምሮ 608 ቀጥተኛ አካላዊ ጥቃቶችን መዝግቧል። ግድያ፣ ጠለፋ፣ እስር፣ በግድ መመለስ። ፈጻሚዎቹ 31 መንግሥታት ሲሆኑ ጥቃቱ የደረሰው በ79 አገሮች ነው። በ2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ቆንስላ የተገደለው ጀማል ኻሾግጂ ከሁሉም የታወቀው ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ናቸው። የብሪታንያ ዜጋ ነበሩ። በጁን 2014 የመን ውስጥ ሰነዓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዘው ኢትዮጵያ ተወሰዱ፤ የተፈቱት በሜይ 2018 ነው። የውጭ ፓስፖርት በራሱ ጋሻ አለመሆኑን ብዙዎቻችን የተማርነው ያኔ ነው።

ይሁንና ጥቃቱ በአብዛኛው እንዲህ ጎልቶ አይታይም። በኢሜይል ይመጣል።

ሜሪላንድ ይኖር የነበረ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊን ታሪክ ጠጋ ብለን እንየው። ክሱ ላይ “ኪዳኔ” የሚል ሌላ ስም እንዲጠቀም ፍርድ ቤት ፈቅዶለታል፤ አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቹ እንዳይጎዱ። ክሱ እንደሚለው፣ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ኢሜይል ደረሰው። አብሮት የወርድ ፋይል ነበር። ፋይሉ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ፣ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገባ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹ ተቀዱ። ኢሜይሉና ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ነገር ሁሉ ተመዘገበ። የተሰበሰበው መረጃ የሚሄደው ኢትዮጵያ ወደሚገኝ ሰርቨር ነበር ይላል ክሱ።

በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ስለላው አልተፈጸመም አላለም፤ እዚያ ነጥብ ላይ እንኳ አልደረሰም። የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥትን በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው ለክስ የሚያጋልጠው። በሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ለመክሰስ ጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ምድር ላይ የተፈጸመ መሆን አለበት። ይግባኝ ሰሚው በማርች 2017 ሲወስን፣ ታቅዶ የተላከው ከውጭ ስለሆነ ጉዳዩን ማየት አንችልም አለ። ሰላይ ልኮ ሳሎንህ ውስጥ መቅጃ ቢያስቀምጥ ኖሮ ክሱ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ከሩቅ ሆኖ ስላደረገው ግን ነፃ ወጣ። በኔ አስተያየት ይህ ዘመኑ ጥሎት የሄደ ፍርድ ነው፤ ግን ሕጉ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ኪዳኔ ብቻውን አልነበረም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች፣ በ2017 ደግሞ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርኩ ጃዋር መሐመድና ሌሎች በተመሳሳይ ዘዴ ኢላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። የሚገርመው ማጥመጃው ነው። “ይህን ቪዲዮ እይ”፣ “ስለ ሰልፉ አዲስ መረጃ” ዓይነት ነገር ነው የሚላከው። ሰውየው የሚወደውን ጉዳይ ተጠቅመው ነው የሚገቡበት።

ከስለላውም የሚብስ አንድ መንገድ አለ። እሱን የትኛውም ሶፍትዌር አይሠራውም፣ የትኛውም ቫይረስ ማጽጃ አያቆመውም። አገር ቤት ያለች እናት ቤት መሄድ። “ልጅሽ ዝም ቢል ይሻለዋል” ብሎ መመለስ። እናት ትደውላለች። ልጅ ዝም ይላል። በሰልፉ ላይ የአንድ ሰው መቅረት ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ለፖሊስ ብትነግር ማን ማንን አስፈራራ? ማስፈራራቱ የተፈጸመው ሌላ አገር ነው፤ የተጎዳውም ሌላ ሰው ነው። ሕጎቹ ሁሉ የሚሳሱት እዚህ ጋ ነው።

ኤምባሲው ምን ይፈቀድለታል?

ብዙ። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት ዲፕሎማቶች የአገራቸውን ጥቅም እንዲያስከብሩ ይፈቅዳል። የባህል ዝግጅት ማዘጋጀት፣ ዜጎቻቸውን መሰብሰብ፣ ፖሊሲያቸውን ማስረዳት ይችላሉ። ኤምባሲ ለፓስፖርት ወይም ለውክልና የሄደ ሰው ሰላይ አይሆንም፤ አንዳንዱ እንዲህ ማለት ይቀናዋል፣ ተዉ። በዚያው ስምምነት አንቀጽ 41 ግን በተቀባዩ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ታዘዋል።

ቢጥሱትስ? የሚያበሳጨው እሱ ነው። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2014 ተቃዋሚዎች ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግቢ ገብተው ባንዲራ ሲቀይሩ አንድ ሰው ሽጉጥ አውጥቶ ተኮሰ። ደግነቱ የተጎዳ አልነበረም። የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ ያዘው። ዲፕሎማሲያዊ ከለላ ነበረው። አሜሪካ ከለላው ይነሣ ብላ ጠየቀች፣ ኢትዮጵያ እምቢ አለች፣ ሰውየው አገሩን ለቆ ሄደ። ከለላ ያለውን ሰው አስተናጋጁ አገር ከማባረር ያለፈ ብዙ ማድረግ አይችልም። ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ የኤምባሲ ግቢ ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረባቸው። ከአጥሩ ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የሰልፈኛው ነው።

የቆንስላ መስኮት ራሱ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የኤርትራ መንግሥት ውጭ የሚኖሩ ዜጎቹን ከገቢያቸው 2 በመቶ ያስከፍላል። አንድ አገር ውጭ ያለ ዜጋውን ግብር ማስከፈሉ ብቻውን ሕገ ወጥ አይደለም፤ አሜሪካም ውጭ ያሉ ዜጎቿን ገቢ ታስመዘግባለች። ችግሩ አሰባሰቡ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 2011 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2023፣ ኤርትራ ከአገሯ ውጭ ግብር ለመሰብሰብ በማስፈራራት፣ በማጭበርበርና በሌላ ሕገ ወጥ መንገድ መጠቀሟን እንድታቆም ጠየቀ። ሰው የልደት ወረቀት ወይም የቤት ውክልና ፈልጎ ሲሄድ “መጀመሪያ ክፈል” ከተባለ፣ ያ አገልግሎት መሆኑ ቀርቷል።

አስተናጋጅ አገሮች ሲነቁ

ለረጅም ጊዜ ምዕራባውያኑ ይህን ሁሉ “የራሳቸው የውስጥ ጠብ ነው” ብለው ነበር የሚያልፉት። የቀሰቀሳቸው የእኛ ጉዳይ ሳይሆን የቻይና፣ የሩሲያ፣ የኢራንና የሕንድ ነው። በ2022 ሴፍጋርድ ዲፌንደርስ የተባለ ድርጅት ቻይና በ53 አገሮች 102 “የባሕር ማዶ ፖሊስ ጣቢያዎች” እንዳሏት ዘገበ። ቻይና የመንጃ ፈቃድ ማሳደሻ የበጎ ፈቃደኞች ማዕከላት ናቸው አለች። በ2023 ኒው ዮርክ ቻይናታውን ውስጥ ከነበረው ጋር በተያያዘ ሁለት ሰዎች ተከሰሱ፤ አንዱ በዲሴምበር 2024 ጥፋቱን አመነ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ በጁን 2023 ሲክ የተባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው አክቲቪስት ሃርዲፕ ሲንግ ኒጃር ተገደለ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ የሕንድ መንግሥት እጅ አለበት የሚል ተአማኒ ውንጀላ እንዳለ በፓርላማ ተናገሩ። ሕንድ አስተባበለች። በዓመቱ ካናዳ አዲስ ሕግ አወጣች።

አውስትራሊያ ቀድማ፣ በ2018 ነው ያወጣችው። በዚያ ሕግ የመጀመሪያው ጥፋተኛ የሜልበርን ነጋዴ ነው። ነገሩ አስተማሪ ነው። በኮቪድ ጊዜ በማኅበረሰብ ማኅበር ስም 37 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ለሆስፒታል ለመለገስ ዝግጅት አደረገ። አንድ ሚኒስትርም ተገኙ። ለሆስፒታል መለገስ ምን ክፉ አለው? ምንም። ዓቃቤ ሕግ የተከራከረው ሰውየው ከቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር ያለውን ግንኙነት ደብቆ ሚኒስትሩን ለወደፊት ለማጥመድ ይዘጋጅ ነበር ብሎ ነው። ሰውየው ካደ፣ ዳኞች ግን ጥፋተኛ አሉት። በ2024 2 ዓመት ከ9 ወር ተፈረደበት።

ይህ ፍርድ ሁለት ስሜት ይፈጥርብኛል። በአንድ በኩል የተደበቀ እጅ በደግ ሥራ ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ በችኮላ ከተሠራበት ንጹሑን ሰው ያቃጥላል። አቃጥሏልም። አሜሪካ በ2018 የጀመረችው “የቻይና ኢኒሺዬቲቭ” የቻይና ዝርያ ያላቸውን ተመራማሪዎች ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንዲታዩ አድርጓል ተብሎ በ2022 ቆመ። አንድ ትውልደ ቲቤታዊ የኒው ዮርክ ፖሊስ በ2020 የቻይና ወኪል ነህ ተብሎ ታስሮ ለወራት ከቆየ በኋላ፣ በ2023 ዓቃቤ ሕግ ራሱ ክሱን አነሣ።

ሕጎቹም በአንድ ቦታ አይቆሙም። ብሪታንያ በጁላይ 2025 የራሷን የውጭ ወኪሎች መመዝገቢያ ጀምራ ሩሲያንና ኢራንን ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ አስገባች። አሜሪካ በተቃራኒው በፌብሩዋሪ 2025 የኤፍቢአይን የውጭ ተጽዕኖ ግብረ ኃይል በተነች፤ የ1938ቱን ሕግ የወንጀል ክስም ከስለላ ጋር ለሚመሳሰሉ ድርጊቶች ብቻ እንዲሆን አጠበበች። ሕጉ ግን አልተሻረም።

እርስ በርስ

መንግሥት የሌለበትም ጥፋት አለ። በ2023 የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎች ባዘጋጇቸው ፌስቲቫሎችና ዝግጅቶች ዙሪያ ስቶክሆልም፣ ቶሮንቶና ቴል አቪቭ ላይ ከባድ ግጭት ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ “ይህ የባህል በዓል ሳይሆን የአገዛዙ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው” አሉ። ደጋፊዎቹ “መሰብሰብ መብታችን ነው” አሉ። ሁለቱም የተናገሩት ነገር ሊያከራክር ይችላል። ድንጋይ የወረወረው ግን በየትኛውም ወገን ቢቆም ወንጀለኛ ነው። ለዚህ ደግሞ የውጭ ጣልቃ ገብነት ሕግ አያስፈልግም፤ ተራው የወንጀል ሕግ ይበቃል።

ፌስቡክ ላይ “ባንዳ” ብሎ ስም፣ ሥራ ቦታና አድራሻ መለጠፍም እንደዚያው ነው። ከኋላው መንግሥት ባይኖርም እንኳ የሚጠቀመው መንግሥት ነው። ሁሉም ሁሉን የሚጠረጥርበት ማኅበረሰብ ውስጥ እውነተኛው ጆሮ ጠቢ ይመቸዋል። ማንም ለይቶ አያየውማ።

ሲደርስብህ

ማኅበር የምትመሩ ሰዎች፣ ከኤምባሲ ወይም ከፓርቲ ገንዘብ፣ አዳራሽ ወይም የአውሮፕላን ትኬት ከተቀበላችሁ ለአባላት ንገሩ። ከመቀበላችሁ በፊት ደግሞ ጠበቃ አማክሩ። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከመቀበሉ ሳይሆን ከመደበቁ ነው።

ያልጠበቃችሁትን ፋይል አትክፈቱ፣ የምታውቁት ሰው የላከው ቢሆንም። ደውላችሁ ጠይቁት። ኢሜይላችሁና ቴሌግራማችሁ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አድርጉ። ስልካችሁን ማዘመን አትርሱ።

የማስፈራሪያ መልእክት ሲመጣ የመጀመሪያው ስሜት ማጥፋት ነው። አታጥፉ። ስክሪንሾት አንሡ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። እናታችሁ ስትደውል ማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ በትክክል ምን እንዳለ ጠይቁና መዝግቡ። ከዚያ አመልክቱ። ኤፍቢአይ ስለ ድንበር ተሻጋሪ አፈና ጥቆማ ይቀበላል። በሌሎች አገሮችም ፖሊስ ጋ ስትሄዱ “ሰው ሰደበኝ” ሳይሆን “ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ማስፈራራት ደርሶብኛል” በሉ። የተረኛው ፖሊስ ፊት ግራ ሊጋባ ይችላል፤ የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ግን አትውጡ። የአንድ ሰው አቤቱታ ብቻውን የትም ላይደርስ ይችላል። ከብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ ግን መርማሪው ከኋላ ያለውን እጅ መፈለግ ይጀምራል።

ቶሮንቶ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ትውልደ ኤርትራውያን ካናዳውያን የ2 በመቶውን ክፍያ ጉዳይ ደጋግመው አሰሙ። በ2012 ካናዳ ቆንስላውን “በዚህ መንገድ መሰብሰብ አቁሙ” ብላ አስጠነቀቀች። አለማቆማቸው ሲታወቅ፣ በሜይ 2013 ቆንስሉ ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ።